ስለ ቤተክርስቲያን ደን የሚባሉ ነገሮችና እውነታው

ከባህር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስትሄዱ መንገዱ ግራ ቀኙ እርሻ ነው፣ መሀል መሀል ላይ ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ብቅ ይላል፣ እዛ ጋ ቤተክርስቲያን አለ ማለት ነው። ስለነዚህ ደኖች ሶሻል ሚዲያ ላይ ሁሌ ሼር የሚደረጉ አባባሎች አሉ፣ በቅንነት የተባሉ ናቸው ግን ደኑን እየጎዱት ስለሆነ ዝም ማለት ከበደኝ።

"ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ ማንም አይነካውም"

ግማሹ እውነት ነው። ካህናቱ በግዝት ከልክለው ህዝቡም ፈሪሃ እግዚአብሔር ኖሮት ባይጠብቀው ኖሮ ደቡብ ጎንደር ላይ ዛሬ የምናየው ሀገር በቀል ዛፍ አይተርፍም ነበር። ከብቱን ግን ግዝት አይመልሰውም። እስቲ ቅፅሩ ውስጥ ገብታችሁ ወደላይ ማየቱን ተዉትና እግራችሁ ስር ተመልከቱ፣ ብዙ ቦታ መሬቱ በኮቴ ተደልድሎ ጠንክሯል፣ እበት አለ፣ ከትልቁ ዝግባ ስር መብቀል የነበረበት ቡቃያ ግን ወይ ጫፉ ተግጧል ወይ ጭራሽ የለም። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው ደን ውስጡ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ሆኗል፣ አሮጌዎቹ ሲወድቁ የሚተካቸው የለም። በዚህ ጉዳይ ለአመታት የሰሩት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከብት እንዳይገባ የታጠረውን ካልታጠረው ጋር አወዳድረው ሲያዩ ችግኙ የሚተርፈው የታጠረው ውስጥ ነው። የመቃብር ቦታ መስፋት፣ አዲስ ህንፃ፣ ምንጣሮ ምናምን ሲጨመርበት ደሞ ይብሳል።

"ቢቆረጥም ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፣ ተመልሶ ይበቅላል"

አይበቅልም! በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። አብዛኛው የደን ዛፍ ዘር አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይሞታል፣ አፈሩ ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቀው በብዛት የሳርና የአረም ዘር ነው። ስለዚህ እናት ዛፎቹ ከጠፉ ዘሩም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፣ ከሌላ ደን ፍሬ በልተው ዘሩን የሚያመጡት ወፎችና ጦጣዎችም ቢሆኑ የሚያርፉበት ዛፍ ካላገኙ አይመጡም።

"ትንሽ ስለሆነ ምን ይጠቅማል"

ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው፣ ልክ ነው። ግን እዛው ደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት በተደረገ ጥናት 168 አይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ብርብራ አለ፣ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድሃኒት ስለሚፈለግ አለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር የሚደረግበት ጥቁር እንጨት አለ፣ ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው። ጣና ዳር ዘጌ ብትሄዱ ደሞ ከገዳማቱ ዙሪያ ቡናው ጥላ ስር ነው የሚበቅለው።

"ባህር ዛፍም ያው ዛፍ ነው"

ለማገዶና ለገቢ ጥሩ ነው፣ አጥቢያው ገንዘብ ሲያጥረው ቢተክል አልፈርድበትም። ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፣ ከጥላው ስር ሌላ ነገር እንደልቡ አይበቅልም። ቢተከል እንኳን ከደኑ ውጪ ይሁን።

"ከ100 አመት በፊት የሀገሪቱ 40 ፐርሰንት ደን ነበር"

ይቺ ቁጥር የሌለችበት ፖስት የለም። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን ምንጯን ሲፈልጉ ከጀርባዋ በትክክል የተለካ ነገር አላገኙም። ደጋው ከዛ በፊት ለብዙ ዘመን ሲታረስ የኖረ ነው፣ የደኖቹን ዋጋ ለማሳየት ደሞ ያልተለካ ቁጥር አያስፈልገንም።

"የኦርቶዶክስ ጉዳይ ብቻ ነው"

አይደለም፣ ጌዴኦም የራሱ የተከበሩ ደኖች አሉት፣ በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ውስጥም ይገኛሉ።

"አጥር ውድ ነው፣ ፕሮጀክት ካልመጣ አይቻልም"

ዶክተር አለማየሁና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው ያሰሩትን የድንጋይ ካብ እዩ። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው፣ ገበሬውም ለማረስ ይቀለዋል፣ ደኑም ይታጠራል። በሩን መዝጋት ግን የአጥቢያው ስራ ነው። ችግኝ ማፍላት የምትፈልጉ ደሞ ከከተማ የጌጥ ዛፍ ከምታመጡ ፍሬው ሲረግፍ ዘሩን ከዛው ደን ልቀሙ፣ ቶሎም ዝሩት፣ በተለይ ወፍራምና ርጥብ የሆነው ዘር ከደረቀ አይበቅልም።