ልጅ ከአሜሪካ የላከው የዓሣ ዘይት የኮሌስትሮል ኪኒን አይተካም

ጅማ መርካቶ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ ትልቅ ጠርሙስ አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸው የዓሣ ዘይት ነው። "ይኼ ካለኝ ያኛው ምን ያደርግልኛል?" አሉኝ። ያኛው ያሉት ሐኪም ያዘዘላቸውን አቶርቫስታቲን ነው። ካቆሙት ሁለት ወር አልፏል። በቅርቡ ሲመረመሩ መጥፎው ኮሌስትሮል ወደ ድሮው ቦታው ተመልሷል። እንዲህ ዓይነት ነገር በየጊዜው ስለሚገጥመኝ ነው ይህን የምጽፈው።

"የዓሣ ዘይት ኮሌስትሮል ስለሚያወርድ ኪኒኑን ይተካል"

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ስብ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓሣ ዘይት በበቂ መጠን ሲወሰድ የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን ነው። የደም ሥር የሚያጠብበውን መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤልን ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ስታቲን የሚባሉት ኪኒኖች፣ እንደ አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲንና ሮዙቫስታቲን ያሉት፣ ሥራቸው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ ይገድባሉ፤ ጉበትም ጎደለኝ ብሎ ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ኪኒኑ ሲቆም ኤልዲኤል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል፣ ያውም ሰውየውን ምንም ሳያመው። ኮሌስትሮል ሲጨምር አያስልም፣ አያተኩስም። "ደህና ነኝ እኮ፣ ለምን እውጣለሁ?" ሲሉኝ የምደነግጠው ለዚህ ነው።

"ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ይጋጫሉ"

አይጋጩም። የዓሣ ዘይት ውስጥ ባለው ኦሜጋ ሦስት በሚባለው ስብ ላይ ከተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች አንዳንዶቹ የተሠሩት ስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን ለሚወስድ፣ ኦፕሬሽን ለተቀጠረና የልብ ምቱ ለሚዛባ ሰው ነው። በተለይ መጠኑ ሲበዛ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ሊያጋጥም ይችላል። እነዚህ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ባይጀምሩት ይሻላል።

"ጠርሙሱ ላይ 1000 ሚሊግራም ተጽፏል፣ ሐኪም ከሚያዘው ጋር እኩል ነው"

የእናትየውን ጠርሙስ አዙሬ ጀርባውን አነበብኩላቸው። ፊት ለፊት በትልቁ 1000 ይላል። ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል። ሲደመር 300 ነው፤ የሚፈለገው ኦሜጋ ሦስት ይኼው ነው፣ የቀረው ሌላ ስብ ነው። ሐኪም ትራይግሊሰራይድ ለማውረድ ሲያዝ ግን በቀን እስከ 4 ግራም የሚደርስ የተጣራ መድኃኒት ነው የሚሰጠው። በዚያ ጠርሙስ እዚያ ለመድረስ በቀን ከ10 ፍሬ በላይ መዋጥ ያስፈልጋል። እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

በዚያ መጠን እንኳ ነገሩ ገና አልጠራም። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ሪዲውስ ኢት በተባለው ጥናት፣ ስታቲን እየወሰዱ 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ የተጨመረላቸው ሰዎች ላይ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና መሰል አደጋዎች በ25 በመቶ ቀንሰዋል። በ2020 የወጣው ስትሬንግዝ የተባለው ጥናት ደግሞ ኢፒኤና ዲኤችኤ የተቀላቀለበትን በዚያው በ4 ግራም ሞክሮ ጥቅም አላገኘም። ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ከሱቅ የሚገዛው ጠርሙስ ከሁለቱም ጥናት መድኃኒት ጋር አንድ አይደለም።

"የግቤ ዓሣ እበላለሁ፣ ተልባም እጠጣለሁ፣ ያው ነው"

ያው አይደለም። ከግልገል ግቤ ግድብ የሚመጣው ቆሮሶ ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ስቡ ትንሽ ስለሆነ ኦሜጋ ሦስቱም ትንሽ ነው። የዓሣ ዘይት የሚወጣው እንደ ሰርዲን ካሉ ቅባታም የባሕር ዓሣዎች ነው። የተልባው ኦሜጋ ሦስት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነታችን ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ቢሆንም ቅቤ በበዛበት ክትፎ ፋንታ ዓሣ የበላ ሰው ኤልዲኤሉን ረድቶታል፣ ተልባውም አይቅርባችሁ። ኪኒኑን ብቻ አትተዉ።

"ከዓሣ የተሠራ ስለሆነ ጉዳት የለውም"

የዓሣ ጉበት ዘይት ቫይታሚን ኤ አለው፤ ሲበዛ ለነፍሰ ጡር ፅንስ አደገኛ ነው። ጠርሙሱ ላይ "ጉበት" የሚል ካለ ለይታችሁ ጠይቁ። ሲከፈት የሻገተ ቅባት ከሸተተ ደግሞ ጣሉት።

ኪኒኑ ጡንቻዬን አመመኝ ብለው የሚያቆሙም አሉ። ሕመሙ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ከተነገረ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ዓይነቱ ይቀየራል። ሽንት ከጠቆረ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

እኚያ እናት ጠርሙሱን በዚያው ፌስታል ይዘው ሐኪማቸው ጋ ሄዱ። አቶርቫስታቲኑን ጀምረዋል። "ልጄ የላከውን እንዴት እጥላለሁ?" ስላሉ ከምሳ በኋላ አንዲት ፍሬ ይውጣሉ፣ ሐኪማቸውም ያውቃል።