«ተዋናይት ስለነበረች ነው የመረጧት»፦ ስለ ጃያላሊታ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የደቡብ እስያ ፖለቲካ በማስተምርበት ክፍል የጃያላሊታ ስም በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይቀድማል፦ «እሷማ የፊልም ተዋናይት ስለነበረች ነው የመረጧት!» ጎበዝ የምለው ተማሪ ሳይቀር የተርም ፔፐሩን በሙሉ በዚህች ሐሳብ ላይ ገንብቶ አምጥቶልኝ፣ እንደገና ጻፈው ብዬ መልሼለታለሁ። በ2011 ቆጠራ ከ72 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራትን የህንድ ግዛት፣ ታሚል ናዱን፣ በዋና ሚኒስትርነት ለመምራት ስድስት ጊዜ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ሴት እንዲህ በቀላሉ አይታለፉም። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እውነት የሆነውን ላስቀድም። ጃያላሊታ ከ100 በላይ ፊልሞች ላይ ሠርተዋል፤ 28ቱን ከታዋቂው ተዋናይ ኤም ጂ ራማቻንድራን ጋር። ራማቻንድራን በ1977 የግዛቷ ዋና ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1982 ጃያላሊታን ወደ ፓርቲያቸው አስገቡ። በሩን የከፈተላቸው ፊልም ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ከበሩ በኋላ ያለውን መንገድ ግን ማንም አይጠይቅም።

ራማቻንድራን ታኅሣሥ 24 ቀን 1987 ሞቱ። ጃያላሊታ አስከሬኑ አጠገብ ለሰዓታት ቆመው ዋሉ፤ በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን የጫነው ተሽከርካሪ ላይ ሊወጡ ሲሉ ግን ገፍትረው አወረዷቸው። ሥልጣኑን የያዙት የሟቹ ባለቤት ጃናኪ ናቸው። አብዛኞቹ የፓርቲው የምክር ቤት አባላት ከጃናኪ ጎን ነበሩ። መንግሥታቸው 24 ቀን ቆይቶ ፈረሰ፤ ፓርቲው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ የምርጫ ኮሚሽኑም ሁለቱ ወገኖች በተጣሉበት የፓርቲው የምርጫ ምልክት፣ በ«ሁለት ቅጠል»፣ ማንም እንዳይጠቀም አገደ። በ1989 መጀመሪያ በተደረገው ምርጫ ጃያላሊታ በአውራ ዶሮ፣ ጃናኪ በርግብ ምልክት ቀረቡ።

እዚህ ላይ ነው ተማሪዎቼን የማስቆማቸው። ጃናኪም የቀድሞ የፊልም ተዋናይት ነበሩ! በዚያ ላይ ሕጋዊ ሚስት ናቸው። ከጎናቸውም የታሚል ሲኒማ ታላቁ ተዋናይ ሲቫጂ ጋኔሳን የራሱን ፓርቲ ይዞ ተሰልፎ ነበር። ዝናና ውርስ የሚያስመርጡ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ አያጠራጥርም ነበር። የሆነው ግን የጃያላሊታ ወገን 27 መቀመጫ ሲያገኝ የጃናኪ ወገን ከሁለት አላለፈም። ጃናኪ ራሳቸው ተሸነፉ። ሲቫጂም ተሸነፈ። መንግሥት የመሠረተው ተቀናቃኙ ፓርቲ ዲ-ኤም-ኬ ነው፤ ጃያላሊታ ደግሞ በዚያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት የተቃዋሚ መሪ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ፓርቲው በእሳቸው ሥር ተዋሐደ፣ ሁለቱ ቅጠልም ተመለሰ።

ምን ረዳቸው? ከ1983 ጀምሮ የፓርቲው የፕሮፓጋንዳ ጸሐፊ ሆነው ወረዳ ለወረዳ ዞረዋል፤ የታችኛውን ካድሬ ያውቁታል፣ እሱም ያውቃቸዋል። የምክር ቤት አባላቱ ከጃናኪ ጋር ሲቀሩ መራጩን ከመድረክ የሚያናግሩት ግን እሳቸው ነበሩ።

አሁንም ያልተዋጠለት ካለ 1996ን ይመልከት። ያው ፊት፣ ያው ፊልሞች። ፓርቲያቸው ከ234 መቀመጫ 4 ብቻ አገኘ፤ ራሳቸውም በተወዳደሩበት የምርጫ ክልል፣ በባርጉር፣ ተሸነፉ። የህንድን የግዛት ምርጫ ለማስረዳት የምትሞክሩ ሁሉ፣ የዕጩውን የቀድሞ ሥራ ከማውራታችሁ በፊት ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ ቁጠሩ። በ1991 ጃያላሊታ ከአገር አቀፉ የኮንግረስ ፓርቲ ጋር ነበሩ፤ የኮንግረስ መሪና የቀድሞ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲም በዚያው ግዛት በግንቦት 21 በቦምብ ተገድለው ሐዘኑ ትኩስ ነበር፤ ጥምረቱ ከ220 በላይ መቀመጫ ጠራርጎ ወሰደ። በ1996 ደግሞ የግዛቱ ኮንግረስ ተሰንጥቆ ትልቁ ክፍል ወደ ዲ-ኤም-ኬ ሄደ። በመንግሥታቸው ላይ የተነሳው የሙስና ቁጣም ተጨመረበት።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «የቦሊውድ ተዋናይት ነበሩ»፦ አልነበሩም። ቦሊውድ የሙምባይ የሂንዲ ሲኒማ ነው፤ እሳቸው የሠሩት በዋናነት በደቡብ ህንድ ቋንቋዎች፣ በታሚል፣ በቴሉጉና በካንናዳ ነው። «የራማቻንድራን ሚስት ነበሩ»፦ አላገቡም። «የግዛት ፖለቲከኛ ዴልሂ ላይ ምን አቅም አለው?»፦ በሚያዝያ 1999 ድጋፋቸውን ሲያነሱ የጠቅላይ ሚኒስትር ቫጅፓዪ ማዕከላዊ መንግሥት በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

«ህንዳዊ የሚመርጠው የራሱን ካስት ብቻ ነው» የሚለው ትንሽ ይበልጥ ያናድደኛል። የታሚል ናዱ ዋና ፓርቲዎች የወጡበት የድራቪዳውያን (የደቡብ ህንዶች) ንቅናቄ የተወለደው በካስት፣ ማለትም በውልደት በሚወረሰው የማኅበረሰብ መደብ፣ ከላይ የተቀመጡትን የብራህማኖችን የበላይነት በመቃወም ነው። ጃያላሊታ ደግሞ ብራህማን ናቸው፤ የተወለዱትም ዛሬ ካርናታካ በምትባለው ግዛት ነው። ከዚያ ንቅናቄ የወጣን ፓርቲ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ መርተዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ለኋላቀር ካስቶች በመንግሥት ሥራና በትምህርት የሚያዘው ኮታ ከ50 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ የግዛታቸውን 69 በመቶ ኮታ በሕግ ያስጠበቁት እሳቸው ናቸው፤ በ1994 ለዚሁ ሲባል የህንድ ሕገ መንግሥት ተሻሽሏል። ካስት በዕጩ ምርጫ ላይ ይቆጠራል፣ በጣም ይቆጠራል። ብቻውን ግን አይወስንም።

የመጨረሻው የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ነው። አንዱ «እስር ቤት ሞቱ» ይላል፣ ሌላው «ነጻ ወጥተዋል»። ሁለቱም ተሳስተዋል። በመስከረም 2014 በጎረቤት ግዛት ካርናታካ የሚገኘው የቤንጋሉሩ ልዩ ፍርድ ቤት ከገቢያቸው በላይ ሀብት አካብተዋል ብሎ አራት ዓመት እስራትና 1 ቢሊዮን ሩፒ ቅጣት ፈረደባቸው፤ ሥልጣናቸውንም ወዲያው አጡ። ሦስት ሳምንት ገደማ ታስረው በዋስ ወጡ። በግንቦት 2015 የካርናታካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው፤ ተመለሱ፣ በ2016 ምርጫም ዳግም አሸነፉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 5 ቼናይ ሆስፒታል ውስጥ በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። በየካቲት 14 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የነጻነቱን ብይን ሽሮ የመጀመሪያውን ፍርድ አጸና። እሳቸው ስለሞቱ በእሳቸው ላይ የነበረው ተዘጋ። የቅርብ ጓደኛቸውና ተከሳሿ ሳሲካላ ግን፣ የፓርቲው የምክር ቤት አባላት ቀጣይ ዋና ሚኒስትር እንዲሆኑ ከመረጧቸው ከቀናት በኋላ፣ የአራት ዓመቱን እስር ለመፈጸም ቤንጋሉሩ እስር ቤት ገቡ።