የኒውክሌር ማብላያን በሕዋ ላይ ማስነሳት

ወደ ሕዋ የሚላክ የኒውክሌር ማብላያ ከምድር ሲወነጨፍ ቀዝቃዛ ነው። በውስጡ ያለው ዩራኒየም ሥራ እስኪጀምር ድረስ የሚያወጣው ጨረር በጣም ጥቂት ስለሆነ ቴክኒሻኖች አጠገቡ ቆመው ይገጣጥሙታል። ብርቱው ጨረር የሚመጣው አቶሞቹ መሰንጠቅ ከጀመሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ማብላያው የታሰበለት ምህዋር ላይ ሳይደርስ አይነሳም፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1992 ያጸደቀው መርሕም ይህንኑ ይላል።

መሐንዲሶችን ከሁሉ የሚያስጨንቀው ሮኬቱ ባሕር ላይ ቢወድቅስ የሚለው ነው። አቶሞቹን የሚሰነጥቁት ኒውትሮን የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው፤ ውሃ ፍጥነታቸውን ሲቀንስ ይበልጥ ስለሚሰነጥቁ፣ የሰጠመ ማብላያ ማንም ሳያዘው ሊነሳ ይችላል። ለዚህም መቆጣጠሪያዎቹ በጉዞው ሁሉ ተቆልፈው ይቆያሉ።

አሜሪካ እስካሁን ወደ ምህዋር የላከችው ማብላያ አንድ ብቻ ነው፤ ስናፕ 10ኤ ይባላል፣ የተወነጨፈውም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1965 ነው። ዙሪያውን አራት የቤሪሊየም ከበሮዎች ነበሩት። ቤሪሊየም የሚባለው ብረት የሚያመልጡ ኒውትሮኖችን ወደ ውስጥ ስለሚመልስ፣ ከበሮዎቹ ወደ ማብላያው ሲዞሩ መሰንጠቁ ይበረታል። ከምድር ትእዛዝ ሲደርስ ሁለቱ ከበሮዎች በአንድ ጊዜ ዞረው ገቡ፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ጥቂት በጥቂት ዞሩ፣ ምክንያቱም ጥድፊያ እዚህ ቦታ የለውም። ሙቀቱ ሲጨምር የአቶሞቹ መሰንጠቅ በራሱ ስለሚቀንስ ማብላያው ራሱን አረጋጋ። ከ500 ዋት በላይ እያመነጨ 43 ቀን ሠራ። ያስቆመው የማብላያው ጉድለት ሳይሆን በሳተላይቱ ላይ የነበረ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ብልሽት ነው። ዛሬም በ1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ይዞራል።

ሶቪየት ኅብረት ከ30 በላይ ማብላያዎችን ልካለች፤ አብዛኞቹ በዝቅተኛ ምህዋር ላሉ የራዳር ሳተላይቶች ነበሩ። የሥራ ዘመናቸው ሲያበቃ ማብላያው ወደ ከፍተኛ ምህዋር እንዲገፋ ታስቦ ነበር። ከእነዚህ ሳተላይቶች አንዱ በሆነው በኮስሞስ 954 ይህ ሳይሳካ ቀረና እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1978 ጨረር ያለው ስብርባሪ በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ተበተነ። በእኔ ግምት የዚህ ሙያ ከባዱ ፈተና ማስነሳቱ ሳይሆን ካገለገለ በኋላ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ሌላው ችግር ሙቀት ነው። በሕዋ ሙቀትን የሚወስድ አየርም ውሃም ስለሌለ፣ ትርፉ በሰፋፊ ሰሌዳዎች አማካይነት በጨረር መልክ ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በኔቫዳ የተፈተነው አነስተኛ ማብላያ ሙቀቱን በሶዲየም ቧንቧዎች ሙቀትን ወደ እንቅስቃሴ ወደሚቀይሩ ስተርሊንግ ሞተሮች እያሻገረ ለ28 ሰዓት ሠርቷል። የጨረቃ ሌሊት ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚረዝም የፀሐይ ሰሌዳ ብቻውን አይበቃም፤ ለዚያ የሚታሰበው ማብላያ ከጠፈርተኞቹ ሰፈር ርቆ ይተከላል፣ የጨረቃ አፈርም መከለያ ሊሆነው ይችላል።