ሮ-ሮ ፌሪ ምንድን ነው?

አንድ ጠዋት ባሕር ዳር ወደብ ላይ ሞተር ሳይክል ጀልባ ላይ ሲጫን አየሁ። ወደ ደቅ ደሴት የሚሄድ ነው። አራት ጫኝና አውራጆች ከፊትና ከኋላ ይዘውት፣ «ቀስ! ወደኔ! ያዘው!» እየተባባሉ በጠባብ ሳንቃ ላይ ያሳልፉታል። ሳንቃው ይረግባል። ባለቤቱ ቤንዚኑ እንዳይፈስ የታንከሩን ክዳን በመዳፉ ደፍኖ ከጎን ከጎን ይራመዳል። አጠገቤ የቆመ ልጅ፣ «ለምን እየነዳው አይገባም?» አለ።

ልጁ የጠየቀውን መርከብ ሠሪዎችም ጠይቀውታል። ያገኙት መልስ ሮ-ሮ ፌሪ ይባላል፤ ሰውና መኪና የምታሻግር መርከብ ናት።

ስሙ «ሮል ኦን፣ ሮል ኦፍ» ከሚለው እንግሊዝኛ ያጠረ ነው። መኪናው በጎማው ይገባል፣ በጎማው ይወጣል። ክሬን የለም፣ ሸክም የለም። መርከቧ ከፊትና ከኋላ ሰፋፊ በሮች አሏት። ወደብ ስትደርስ በሩ ይከፈታል፣ መወጣጫው ይገጠማል፤ አይሱዙውም አውቶቡሱም በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። መኪና ታች ይቆማል፣ ሰው ላይ ይቀመጣል። ሐሳቡ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ታንክ ባሕር ዳርቻ ላይ ያወርዱ የነበሩ መርከቦች የንግድ መኪና ማመላለስ ሲጀምሩ።

ሥራ ያቀላል፣ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን ችግር አለው። በሌሎች መርከቦች ሆድ ውስጥ ግድግዳዎች አሉ፤ አንዱ ክፍል ውኃ ቢገባው ሌላው ይተርፋል። የሮ-ሮ የመኪና ወለል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አዳራሽ ነው። ግድግዳ ካለ መኪና አያልፍማ!

ይህን ለማየት የቡና ትሪ ይበቃል። ስድስት ሲኒ ውኃ ሞልታችሁ ትሪው ላይ ደርድሩና ትንሽ አዘንብሉት። እያንዳንዱ ሲኒ ውኃውን እንደያዘ ይቆያል። አሁን ሲኒዎቹን አንሡና ያንኑ ውኃ ትሪው ላይ ገልብጡት። ትንሽ ስታዘነብሉት ውኃው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፤ ያንኑ ጎን ጨምሮ ይጫነዋል። ልታቀኑት ስትሞክሩ ደግሞ ወደ ማዶ ይገለበጣል። የመኪናው ወለል ላይ የገባ ውኃ ትልቅ መርከብ የሚገለብጠው እንዲህ ነው።

«ሄራልድ ኦፍ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የተባለች ሮ-ሮ ፌሪ የደረሰባት ይኸው ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ብሬመርሃፈን ላይ ተሠራች፤ ርዝመቷ 132 ሜትር ገደማ ነው። የታሰበችው ከእንግሊዝ ዶቨር ወደ ፈረንሳይ ካሌ ለሚሄደው መስመር ነበር። የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. (1987 እ.ኤ.አ.) ግን የቆመችው ቤልጂግ፣ ዜብሩገ ወደብ ነው። የወደቡ መወጣጫ ወደ ላይኛው የመኪና ወለል አይደርስላትም። ስለዚህ ከፊት ያሉትን የውኃ ማጠራቀሚያዎቿን ሞልተው አፍንጫዋን ዝቅ አደረጉት። እንደዚያው እንዳለች ተነሳች። በሩን የሚዘጋው ሠራተኛ ክፍሉ ውስጥ ተኝቷል። ካፒቴኑ ከቆመበት በሩ አይታይም፤ መዘጋቱን የሚነግር መብራትም የለም። መርከቧ ስትፈጥን ባሕሩ በተከፈተው በር ገባ። በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 193 ሰው አለቀ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ መብራቱ ነው። ካፒቴኖች ከአደጋው በፊት እንዲገጠምላቸው ጠይቀው ነበር፤ አልተገጠመም። መርማሪዎቹም ጥፋቱን በተኛው ሰውዬ ላይ ብቻ አልጣሉትም፤ የመርከቧን ባለቤት ድርጅት አመራርም ወቅሰዋል። መርከቧ ከውኃ ወጥታ በ1988 እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ ለብረት ተቆራረጠች። አገልግሎቷ ሰባት ዓመት አልሞላም።

ለእኛ ለጣና ሰዎች የምትጠቅም አንዲት ነገር እዚህ አለች። ባሕሩ እዚያ ቦታ ጥልቅ አልነበረም። መርከቧ አሸዋ ላይ በጎኗ ተኝታ ግማሽ አካሏ ከውኃ በላይ ይታይ ነበር። ይባስ ብሎ የውኃው ማነስ ራሱ ጎድቷታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ መርከብ ሲፈጥን፣ ከሥሩ ያለው ውኃ በጠባብ ክፍተት ይሮጣል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ መርከቡ ወደ ታች ዝቅ ይላል። ጣና ከፍተኛ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። «ጣና እኮ ጥልቅ አይደለም» ብሎ መዘናጋት አይሠራም።

በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ኤስቶኒያ» የተባለች ሌላ ሮ-ሮ ፌሪ ባልቲክ ባሕር ላይ የፊት መከለያዋ ተገንጥሎ ሰጠመች፤ 852 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የሰሜን አውሮፓ አገሮች፣ ፌሪ የመኪናው ወለል ላይ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢተኛ እንኳ ሳይገለበጥ መቆም አለበት ብለው ተስማሙ። የበር መብራትና ካሜራ ከሄራልድ አደጋ በኋላ ግዴታ ሆኗል።

የዚያን ጠዋት ሞተር ሳይክሉ በሰላም ተጫነ። እህሉ ገባ፣ ሰዉ ገባ። ካፒቴኑ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት አንገቱን አውጥቶ ሳንቃው መነሳቱን አየ። ከቆመበት ሆኖ አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው።