ጎጃም በዓለም ገበያ፦ ከባሶ እስከ ቡሬ

ጎጃም ከዓለም ገበያ ጋር የተዋወቀው ትናንት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አገሩ በዓባይ የተከበበ፣ ያመረተውን እዚያው የሚበላ ተደርጎ ስለሚታሰብ ይሆናል። የባሶ ገበያ ታሪክ ግን ይህን ያፈርሰዋል።

ባሶ በደቡብ ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ የሚቆም ሳምንታዊ ገበያ ነበር። ቻርልስ ቤክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን ዞሮ ያየውን ስለጻፈ ይህ ዘመን ከሌላው በተሻለ ይታወቃል። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከአካባቢው፣ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ከጥርኝ የሚገኝ ዝባድ ይመጣል። ዝባዱ በከብት ቀንድ ታጭቆ በበቅሎና በአህያ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ምጽዋ ሲደርስ መርከብ ይጠብቀዋል። መጨረሻው የሽቶ ቀማሚ እጅ ነው። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ጠገራ ብር ይገባል። በጠገራው ላይ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ መልክ አለ፤ መቼም ይመታ መች፣ የተጻፈበት ዓመት 1780 ነው። የጎጃም ገበሬ አውሮፓ ውስጥ በተመታ ገንዘብ ይገበያይ ነበር ማለት ነው። ሲራራ ነጋዴው በአብዛኛው ሙስሊም ሲሆን የአካባቢው መሳፍንት ከቀረጡ ይጠቀማሉ። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። የባሶ ድምቀት ሲነሳ ይህ ተዘሎ መታለፍ የለበትም።

ይህ በር የጠበበው በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሸዋው ምኒልክ ተሸነፉ። ጎጃሜው በጀግንነት እንደተዋጋ አይካድም። ጠቡ የሥልጣን ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዓባይ ማዶ ያለውን ንግድ የመያዝ ጉዳይ እንደነበረበት ግን አያጠራጥርም። ከዚያ በኋላ የደቡቡ ቡና ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ጎጃም ጭራሽ ከመንገድ ወጣ።

ያም ሆኖ የውጭው ዓለም ንክኪ አልቀረም፤ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተቋቁሞ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ ጉዳዩ ኪስ ውስጥ ይገባል። የጎጃም ኑግ ለዘይት የታወቀ ነው። ሆኖም ከማሌዥያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው ፓልም በርካሽነቱ ወጥ ቤቱን ተቆጣጠረ። ደብረ ማርቆስ በብርድ ጠዋት ጀሪካኑን ቢገለብጡት አይወርድም፤ ሕዝቡም «የሚረጋው ዘይት» ይለዋል። ለደሃ ቤተሰብ እፎይታ ነው፤ ለኑግ አምራቹ ግን ዱብ ዕዳ። መራዊ አካባቢ በቆሎ የሚዘራውም ማዳበሪያ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ሲገጥሙ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ዙሪያ ጣራ ነካ። የእኛ ገበሬ ከጠቡ የለበትም፤ ሂሳቡ ግን እሱ ዘንድ ደረሰ።

ጤፍም አልተረፈም። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ መብቱ በኔዘርላንድስ ዋጋ የለውም ብሎ ወሰነ። መንግሥት ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለዓመታት ሲከለክል ቆይቷል፤ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ይሄዳል። እገዳው ለከተማ ሸማች ሲባል ነው፤ የተሻለ ዋጋ የቀረበት ገበሬው መሆኑ ብዙ አይነሳም።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። ለአካባቢው የቅባት እህል ደጃፍ ላይ ገበያ ያመጣል ተብሎ ብዙ ተጠብቆበታል።