ስለ ሮታሪ ሞተር ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

«ጋሼ፣ መፍታት ነው፣ ሲሉን መቀየር ነው፣ መግጠም ነው። በቃ።»

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ ሲሎቹን፣ ጋዝ እንዳያመልጥ የሚዘጉትን ስስ ብረቶች፣ በካርቶን ይዞ ይመጣል። ሞተሩ ገና አልተፈታም። ውስጡን ያየ የለም። ዕቃው ግን ተገዝቷል። መስማት ከጀመርኩ ዓመታት አለፉ፤ አሁንም በሰማሁት ቁጥር ያበሽቀኛል። ምክንያቱም በኋላ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው ያው ልጅ ነው።

የምሰራው ሳንዲዬጎ ነው። ከዚህ ወደ ምስራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲነዱ የግላሚስ አሸዋ ይገኛል። ከጥቅምት ጀምሮ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ባጊውን እየጎተተ ወደዚያ ይተማል። ባጊ ማለት ከብረት ቧንቧ የተበየደ፣ ሞተሩ ከኋላ የሆነ ቀላል የአሸዋ መኪና ነው። አንዳንዶቹ ላይ ከፎልክስዋገን ካምቢዮ ጋር የማዝዳ 13ቢ ሮታሪ ሞተር ተገጥሟል። እኔ ዘንድ የሚመጡት እነዚህ ናቸው።

ሮታሪ ፒስተን የለውም። ወገቡ ገባ ያለ ሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይዞራል። በሦስቱ ጫፎቹ ላይ እንደ ምላጭ የቆሙ ስስ ሲሎች አሉ። የፒስተን ፋሻን ስራ የሚሰሩት እነሱ ናቸው። 13ቢ እንዲህ ያለ ሁለት ሮተር አለው።

ፋሻን ስለሚመስሉ ነው እንግዲህ ሰው የሚሳሳተው። የፒስተን ሞተር ሲሊንደሩ ሲበላ ቶርኖ ቤት ወስደን እናሰፋዋለን፤ ከፍ ያለ መጠን ፒስተንና ፋሻ እንገጥምለታለን። አዲስ አበባ ሳለሁ ስንቱን ሞተር እንዲህ አስነስተናል። ሮታሪ ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሲሉ የሚንሸራተትበት የቤቱ ውስጠኛ ገጽ በስስ ክሮም የተለበጠ ነው። ክሮሙ ከተላጠ፣ አስፍተህ የምታስገባው ትልቅ ሮተር የለም። ቤቱ ራሱ ይቀየራል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ባጊውን አመጣልኝ። ሌላ ቦታ «ሙሉ እድሳት» ተብሎ ከተሰራ አራት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነድቶታል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን ሞተሪኖው ቢዞር ቢዞር አይነሳም። ፈታሁት። ከካንዴላዎቹ አጠገብ ጣቴን በቤቱ ገጽ ላይ አሳለፍኩ። ለስላሳ፣ ለስላሳ፣ ከዚያ ጥፍሬ ቀጭ ብሎ ያዘ። ክሮሙ በጣት ስፋት ተልጦ ከስር ያለው ብረት ይታያል። አዲሱን ሲል አውጥቼ ወደ መብራት ሳቀርበው ጠርዙ እንደ መጋዝ ተበልቷል። ሲሉ ጥፋት አልነበረውም። የሚንሸራተትበት ቤት ነው የበላው። ለልጁ ጣቱን ይዤ እዚያው ቦታ ላይ አሳለፍኩለት። ምንም አልተናገረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይለካል። የቤቱ ክሮም በዓይንም በጥፍርም ይታያል። ቤቱን ግራና ቀኝ በሚዘጉት የጎን ሳህኖች ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ተደርጎ ጥመታቸው ይለካል፤ ከ0.04 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም ቤቶች ከሞቱ ደግሞ ከማደስ ይልቅ ሌላ ሞተር መፈለግ ሊሻል ይችላል። ያን የሚነግርህ ልኬቱ ነው።

«ከጃፓን የመጣ ሞተር ብዙ ስላልሰራ አስተማማኝ ነው» የሚለውም ያው የግምት ልጅ ነው። ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት፣ አስለካ። ግን በተራ የፒስተን መለኪያ አይደለም። ተራው መለኪያ ከሦስቱ የሮተር ፊቶች ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀራል፤ አንዱ ፊት ቢሞትም አይናገርም። ሦስቱን ለየብቻ የሚያሳይ የሮታሪ መለኪያ አለ። ለሁለተኛው ትውልድ የማዝዳ አርኤክስ 7 መኪና የፋብሪካው ዝቅተኛ ልክ፣ ሞተሪኖው በደቂቃ 250 ዙር ሲያዞረው፣ ለእያንዳንዱ ፊት 85 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። በፊቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ21 መብለጥ የለበትም። ጆሮም ይረዳል። ካንዴላው ወጥቶ ሞተሪኖው ሲያዞረው ትንፋሹ ቱፍ፣ ቱፍ፣ ቱፍ ይላል። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ፍስስ ካለ ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

«13ቢ ሁሉ አንድ ነው።» አይደለም። አርኤክስ 8 በተባለው የማዝዳ መኪና ላይ ያለው 13ቢ የተቃጠለ ጋዝ የሚወጣው በጎን ሳህኖቹ በኩል ነው፤ የቀድሞዎቹ በሮተሩ ቤት በኩል። የድሮው የጭስ ማውጫ አይገጥምለትም። ሳትጠይቅ ገዝተህ አትምጣ።

«ዘይት ከበላ ተበላሽቷል።» ሮታሪ ዘይት የሚበላው ሆን ተብሎ ነው። ትንሽ ፓምፕ ሲሎቹን ለማለስለስ ዘይት ወደ ውስጥ ይረጫል። የሚያስፈራኝ የማይበላው ነው። ባጊ ሰሪዎች ካርቡሬተር ሲቀይሩ ብዙ ጊዜ ይህን ፓምፕ ይነቅሉታል። ነቃዩ ባጊውን ይሸጠዋል፣ ገዢው አያውቅም፣ ሲሎቹ ደርቀው ይሰራሉ። ፓምፑ ከሌለ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 30 ሚሊ ሊትር ያህል የሁለት ስትሮክ ዘይት ቀላቅል።

«የጃፓን ፈጠራ ነው።» ፈጣሪው ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮስሞ የተባለችውን ባለ ሮታሪ መኪና ይዞ ወጣ። ከዚያ በፊት መሐንዲሶቹ ሲሉ በቤቱ ገጽ ላይ የሚተወውን ጭረት «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ጠርተው ብዙ ታግለውበታል። እኔ ዛሬ በጥፍሬ የምፈትሸውን ገጽ እነሱም ያኔ ሲያዩት አድረዋል።

«እድሜ የለውም።» እ.ኤ.አ. በ1991 የሌማን የ24 ሰዓት ውድድርን ያሸነፈው ማዝዳ 787ቢ ባለ አራት ሮተር ነበር። አሸዋ ላይ ሮታሪን የሚገድሉት ሙቀትና አቧራ ናቸው። የሚቃጠለው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ስለሆነ ያ ወገን በጣም ይግላል። አንዴ ውሃ ጨርሶ ከጋለ ቤቱ ይጣመማል፣ በቤቱና በሳህኖቹ መካከል ውሃ የሚይዘው ጎማ ይቃጠላል። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ጭስ ካየህ፣ ውሃውም ያለ ምክንያት ከጎደለ፣ ወደ አሸዋው አትውጣ።

የአቧራው መከላከያ ደግሞ የአየር ፊልትሮ ነው። ፊልትሮው ጎማው ከሚረጨው አሸዋ በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ስፖንጁ በየቀኑ ይታጠብ፣ ደርቆ በፊልትሮ ዘይት ይራስ። ከዚያ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ፈትተህ ውስጡን በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ጨርቁ ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ካገኘህ፣ የምትገባበትን ቀዳዳ ሳታገኝ ቁልፉን አታዙር።