አፍ መፍታትና መመገብ፦ ስለ ትናንሽ ልጆች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆነ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሁለት ነገር በጣም ያስጨንቃቸዋል፦ ልጁ አፉን አለመፍታቱና አለመብላቱ። የሚሰጣቸው ምክር ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ንግግር ሲዘገይ «ታገሱ» ይባላሉ፤ ምግብ እንቢ ሲል ደግሞ «በግድም ቢሆን አብሉት»።

«ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»

ሴቶች በአማካይ ትንሽ ቀደም ይላሉ። ልዩነቱ ግን ጭራሽ ለማያወራ ልጅ ምክንያት የሚሆን አይደለም። ብዙ ልጆች በ12 ወር አካባቢ የመጀመሪያ ቃላቸውን ያወጣሉ። 2 ዓመት ሲሞላቸው «እማ ነይ» እያሉ ሁለት ቃል ያገናኛሉ። በ18 ወሩ በጣቱ የማይጠቁም ወይም ቃል የሌለው፣ በ2 ዓመቱም ቃላት የማያገናኝ ልጅ መታየት አለበት። ከዘገዩት ብዙዎቹ በራሳቸው ይደርሳሉ፤ የትኛው እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ «ይደርሳል» ብሎ መቀመጥን አልደግፍም።

መጀመሪያ የሚመረመረው ጆሮ ነው። በር ሲንኳኳ ዞር የሚል ልጅ እንኳ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ንግግርን አጥርቶ ላይሰማ ይችላል። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት ደግሞ፣ ዕድሜው ስንትም ይሁን፣ ቶሎ ሐኪም ይየው።

«ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል»

አያምታታውም። የሚያውቃቸው ቃላት ሲቆጠሩ የሁለቱም ቋንቋ አብረው ይቆጠራሉ። ቋንቋዎቹን እያደባለቀ ቢያወራም ጤናማ ነው። ወላጆች በልባቸው ቋንቋ ልጃቸውን ማናገር እንዲተዉ ሲመከሩ በጣም ያሳዝነኛል።

«ምላሱ ታስሮ ነው»

የታሰረ ምላስ (ከሥሩ ያለው ጅማት አጥሮ እንደ ልብ የማይንቀሳቀስ) ጡት መጥባትን ሊያስቸግር፣ አንዳንድ ድምፆችንም ሊያበላሽ ይችላል። ልጁ የሚባለውን የማይረዳና ምንም ቃል የማያወጣ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

«ቴሌቪዥን ቃላት ያስተምረዋል»

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመከርም፤ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል። ቴሌቪዥን መልስ አይጠብቅም። ልጅ ቋንቋ የሚይዘው በምልልስ ነው። የሚያየውን ነገር ስሙን ንገሩት፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁት። «ኪና» ካለ «አዎ፣ ትልቅ መኪና!» በሉት። «እንደዚያ አይባልም» እያሉ ማረም አያስፈልግም።

«ካልተገደደ አይበላም»

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት 3 እጥፍ ያህል ያደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ስለቀነሰ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ማንኪያ ይዞ መከተል፣ እጁን ይዞ ማጉረስ፣ በስልክ እያዘናጉ ማብላት ልጁ ምግብን እንዲጠላና የራሱን ጥጋብ እንዳያዳምጥ ያደርጋል። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ እናንተ ወስኑ። ምን ያህል እንደሚበላ እሱ ይወስን። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል።

አንዴ የተፋውን ምግብም «አይወደውም» ብላችሁ አትተዉት። አዲስ ምግብን ለመልመድ 10 ጊዜና ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ከሚያውቀው ምግብ ጎን ጥቂት አስቀምጡለት፤ ዳስሶ ቢተወውም ምንም አይደለም።

«ጥርሱ እስኪሞላ የተፈጨ ብቻ»

ድድ ለስለስ ያለ ምግብን ያደቅቃል። ከ9 ወር በፊት ጓል ያለው ምግብ ያልለመደ ልጅ በኋላ ይበልጥ ሊያስቸግር ይችላል። ሲለማመድ ድምፅ እያሰማ ሊያስመልሰው ቢል አትደንግጡ፤ የሚያስፈራው ድምፅ ሳያወጣ መታነቁ ነው። ስለዚህ ሲበላ ተቀምጦ፣ እናንተም አጠገቡ ሆናችሁ ይሁን። ኦቾሎኒና ለውዝ እንዳለ አይሰጥ፤ ወይን በቁመቱ ይሰንጠቅ።

በየማዕዱ ትን የሚለው፣ ክብደቱ የቆመ ወይም የቀነሰ፣ የሚበላቸው ምግቦች በጣት የሚቆጠሩ ልጅ ካላችሁ ግን ለሐኪም አሳዩት። ንግግርን የሚያክሙ ባለሙያዎች የማኘክና የመዋጥ ችግርንም ያያሉ።